አራት ባር ክራርና ከበሮ፦ አንድን የተቀዳ ሉፕ ከሳምፕለር ቴምፖ ጋር የማስማማት የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልምምድ ክፍል፣ ለመድረክ በሚዘጋጅ አንድ ዘፈን ላይ ያጋጠመንን ችግርና የተፈታበትን መንገድ ይተርካል። የእኔ ድርሻ ሳምፕለሩን፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ ይዞ በጣት ሲነካ የሚያጫውተውን ማሽን፣ ማዘጋጀትና መድረክ ላይ ማጫወት ነበር። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤምፒሲ 2000 ተሻሽሎ የተሠራበት ኤምፒሲ 2000 ኤክስኤል ነው። የሚጫወተው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሽከረከር የተቀዳ ድምፅ) ደግሞ አንድ አንጋፋ የክራር ተጫዋችና አንድ ከበሮ መቺ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጆሯቸው ላይ ምንም የቴምፖ ጠቋሚ ድምፅ ሳይኖር፣ በችክችካ ስልት የተጫወቱት አራት ባር ነው። ቀረጻውን ያደረግነው ራሳችን ስንሆን፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ለምን እንደሚውል ዐውቀውና ተስማምተው ክፍያቸውን ወስደዋል።

የተፈለገው ነገር ሲነገር ቀላል ነበር። ሉፑ በዘፈኑ መግቢያና በአዝማቹ ሥር ይሽከረከራል፤ በላዩ ላይ ድራመሩ፣ ማሲንቆው፣ ቴነር ሳክስፎኑና ከላፕቶፕ የሚወጣው የስትሪንግ ድምፅ ይገባሉ። የባንዱ መሪ ዘፈኑን በደቂቃ 112 ምት እንድንሠራው ወስኖ ነበር። ሉፑ ግን የተቀዳው ከዚያ ቀስ ባለ ፍጥነት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ልዩነት በራሳቸው ያስተካክላሉ። በዚህ ዓይነቱ ሳምፕለር ላይ ግን የተቀዳ ድምፅ ሲኩዌንሱ (ማሽኑ ላይ የተጻፈው የምቶች ቅደም ተከተል) ሲፈጥን አብሮ አይፈጥንም፤ ፓዱ (በጣት የሚመታው ቁልፍ) ሲነካ ይነሣል፣ በተቀዳበት ርዝመት ተጫውቶ ያልቃል። ስለዚህ ሉፑን ከቴምፖ ጋር ማስማማት ሙሉ በሙሉ የሰው ሥራ ነው። ሒሳቡ ከተሳሳተም ስሕተቱ በየዙሩ ይሰማል።

የመጀመሪያው እንከን የተፈጠረው ገና ድምፁ ሲቆረጥ ነው። የክራሩ ተጫዋች ከከበሮው ወፍራም ምት በፊት አንድ ክር ይመታሉ፤ ያቺ ምት ወደ ዋናው ምት መንደርደሪያ ናት። እኔ ፋይሉ ላይ መጀመሪያ የታየኝ ድምፅ እርሷ ስለሆነች የሉፑን መነሻ በእርሷ ላይ አደረግሁ፤ መድረሻውንም ከአራት ባር በኋላ ከምትመጣው ተመሳሳይ ምት ላይ ቆረጥሁ። ርዝመቱ ትክክል ነበር፤ ሉፑም ብቻውን ሲሽከረከር ምንም ጉድለት አይሰማበትም። ነገር ግን ከሲኩዌንሱ ጋር ሲገናኝ ከበሮው ከባሩ ራስ በአንድ ስምንተኛ ኖታ፣ ማለትም በ192 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ዘግይቶ ይወድቃል። መፍትሔው መነሻውን ከበሮው ላይ ማድረግ፣ መንደርደሪያዋን ወደ ሉፑ መጨረሻ ማዞር፣ ለመጀመሪያው መግቢያ ብቻ ደግሞ ለብቻዋ ቆርጦ በሌላ ፓድ ላይ ማኖር ነበር። መነሻውን ስቆርጥ የድምፁ ሞገድ ዜሮውን መስመር የሚያቋርጥበትን ቦታ መረጥሁ፤ ያለዚያ በየዙሩ መገናኛ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ስሕተት ግን ሁለት ቀን በላብን፤ ምንጩም ማሽኑ ሳይሆን የእኔ አቆጣጠር ነበር። ኤምፒሲው አንድ ሉፕ ስንት ምት እንደያዘ ከተነገረው ከርዝመቱ ተነሥቶ ቴምፖውን ያሰላል። የተቆረጠው ሉፕ በ44.1 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ናሙና) 203,538 ናሙና፣ ማለትም 4.615 ሰከንድ ነበር። እኔ እንደማንኛውም አድማጭ በእግሬ ስቆጥር በእያንዳንዱ ባር ሁለት ምት አገኘሁ፤ አራት ባር ስምንት ምት ነው ብዬ 8 ጻፍሁ፤ ማሽኑም 104 የሚል ቴምፖ ሰጠኝ። ሲኩዌንሱን በ6/8 ከፍቼ ቴምፖውን 104 አድርጌ አጫወትሁት። ሉፑ አልቆ ሲኩዌንሱ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ጸጥታ ተፈጠረ።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቁጥሩን መመርመር ነበር። እኔ ግን ውጤቱን ለማስተካከል ተቻኩዬ ጸጥታው እስኪሞላ ድረስ የሉፑን ፒች (የድምፁን ከፍታ) ዝቅ እያደረግሁ ሄድሁ፤ በሳምፕለር ፒች ሲወርድ ድምፁም ይረዝማልና። ሰባት ሴሚቶን (ግማሽ የድምፅ እርከን) ስወርድ ሉፑ አራቱን ባር ልክ ሞላ። በማግስቱ አንጋፋው የክራር ተጫዋች ሥራውን ሊያዩ መጡ፤ ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ይኼ የኔ ክራር ነው? ምነው በገና ሆነብኝ?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ድምፁ ወፍሮ፣ የክሩም ንዝረት ተጎትቶ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የፋይሉን ዓይነት ነው። ቀረጻው በ48 ኪሎኸርዝ ስለነበር ሳይለወጥ ወደ ማሽኑ ገብቶ ከሆነ በ44.1 ሲጫወት መውረዱ አይቀርም። ነገር ግን ያ ልዩነት አንድ ሴሚቶን ተኩል የሚያህል ብቻ ነው፤ እኛ የሰማነው ደግሞ የሰባት ሴሚቶን ውድቀት ነበር። ሰባት ሴሚቶን ማለት የሁለትና የሦስት ንጽጽር ነው፤ አንድ ድምፅ በሦስት ሁለተኛ ሲዘገይ ከሞላ ጎደል ያን ያህል ይወርዳል። ሁለትና ሦስት የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ የችክችካው ባር ራሱ ነው። በ6/8 አንድ ባር ለጆሮና ለእግር ሁለት ምት ቢሆንም፣ የማሽኑ ቴምፖ የሚለካው በሩብ ኖታ ስለሆነ ለማሽኑ ሦስት ምት ነው። አራት ባር ስምንት ሳይሆን አሥራ ሁለት ምት መባል ነበረበት። በዚያው ቦታ 12 ስጽፍ ማሽኑ 156 አለ፤ ሲኩዌንሱን 156 አድርጌ ሉፑን ምንም ፒች ሳልነካ ባጫወትሁት ጊዜ አራቱ ባር ሳይተርፍም ሳይጎድልም ገጠመ።

አንጋፋውን ባር በባር እንዲያጨበጭቡልኝ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ያጨበጨቡት በሁለት ነው። እግራቸው 104፣ ማሽኑ 156 ይላል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ፍጥነት ነው የሚናገሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በችክችካ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቴምፖ ሲነግረኝ «በእግር ነው ወይስ በሩብ ኖታ?» ብዬ ሳልጠይቅ ምንም አልጀምርም። የባንዱ መሪ ያለው 112ም በእግር የተቆጠረ ነበርና ለማሽኑ 168 ነው።

አቆጣጠሩ ሲጠራ ዋናው ጥያቄ ቀረ፤ ከ104 ወደ 112 እንዴት ይወጣል? ሳምፕለር ፒችንና ፍጥነትን አንድ ላይ አስሮ ነው የሚይዛቸው፤ ሸክላ ፈጥኖ ሲሽከረከር ድምፁ እንደሚቀጥነው ሁሉ። የሳምፕለር ሰዎች ይህን ባሕርይ ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኢሙ ኩባንያ ሳምፕለር ኤስፒ 1200 በጠቅላላው ወደ 10 ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ብቻ ይይዝ ስለነበር፣ ተጠቃሚዎቹ የ33 ዙር ሸክላን በ45 እያጫወቱ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያወርዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የጃንግል ሙዚቃ የሠሩት ደግሞ የድራም ሉፖችን በደቂቃ 160ና ከዚያም በላይ ያፈጥኑ ነበር፤ ድምፁ መቅጠኑም ለሙዚቃቸው መልክ ሆነለት። ለእነርሱ መንገዱ የቀና የሆነው ድራም እንደ ክራር በቅኝት የማይያዝ በመሆኑ ነው። የእኛ ሉፕ ግን ከዳር እስከ ዳር ትዝታ ቅኝት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ከማሲንቆውም ከድምፃዊቷም ይለያል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 112 ለ104 ሲካፈል 1.077 ይሆናል፤ ይህ በሴሚቶን ሲቆጠር 1.28 ነው። አንድም አይደለም፣ ሁለትም አይደለም፤ በመካከል የተንጠለጠለ ድምፅ ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ስለሆነ ወደፈለጉት ይቃኛል፤ የላፕቶፑ ስትሪንግም ቢሆን በጥቃቅን ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ሳክስፎን ግን አፍ መያዣውን ገፋ በማድረግ ጥቂት ይስተካከላል እንጂ፣ ይህን ያህል ተገፍቶ በየድምፁ እኩል አይቃኝም።

ሁለተኛው አማራጭ ፒቹን ሳይነኩ ርዝመቱን ብቻ የሚለውጠው የማሽኑ ታይም ስትሬች ነበር። ይህ ተግባር ድምፁን ወደ ጥቃቅን ቁራጮች ይከፍልና ለማስረዘም አንዳንዶቹን ይደግማል፣ ለማሳጠር አንዳንዶቹን ይዘላል። የእኛ ልዩነት ከመቶ ስምንት የማይሞላ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም ብዬ ገምቼ ነበር። ሞክሬው ግን የከበሮው ምት ጠርዙ ለስልሶ፣ የክራሩም ክር እንደሚንቀጠቀጥ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ብቻውን የቆመ ከበሮ ቢሆን ይቻል ነበር። ረጅም የክር ንዝረትና ስለታም የቆዳ ምት በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ሲገኙ ግን ለአንዱ የሚመች ቁራጭ ለሌላው አይመችም። ይህን መንገድ የተውሁት ያለ ጸጸት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጥያቄውን መገልበጥ ነበር፤ በሥራው ሁሉ ከማንኛውም ይልቅ የጠቀመን ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሉፑ ወደ 112 እንዴት ይውጣ ከማለት፣ ሉፑ ቅኝቱ ሳይበላሽ መውጣት የሚችለው እስከ ስንት ነው ብለን ጠየቅን። በትክክል አንድ ሴሚቶን ከፍ ቢል ፍጥነቱ 110.2 ይሆናል፤ ሁለት ሴሚቶን ከፍ ቢል 116.7። ለ112 የሚቀርበው 110.2 ነው፤ በደቂቃ ከሁለት ምት ያነሰ ልዩነት። የባንዱ መሪ መጀመሪያ አልተቀበለውም፤ 112ን የመረጠው ለእስክስታው ነውና የሚዘገይ መሰለው። ሁለቱን ፍጥነቶች ቁጥራቸውን ሳልናገር በየተራ በከበሮ ድምፅ ብቻ አጫወትሁለት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ተቸገረና ተስማማ።

የአንድ ሴሚቶኑ ከፍታ ለሌሎቹ ምን ማለት እንደሆነም መታየት ነበረበት። ሉፑ ዲ ላይ የተቃኘ ትዝታ ነበርና አሁን ኢ ፍላት ሆነ። ለቴነር ሳክስፎኑ ይህ እፎይታ ነበር፤ ዲ ሲሆን በእርሱ መሣሪያ ኢ ላይ መጫወት ነበረበት፣ ኢ ፍላት ሲሆን ግን ኤፍ ላይ ሆነለት። ሸክሙ የወደቀው በድምፃዊቷ ላይ ነው፤ የአዝማቹ ከፍተኛ ድምፅ ለጉሮሮዋ ጠርዝ ላይ ነበረ። ሁለት ጊዜ ከባንዱ ጋር ዘፍናው ካየች በኋላ ይሁን አለች።

ማሽኑ ላይ ሲተረጎም የፒቹ ቁጥር 10 ተደረገ። ኤምፒሲው ፒችን የሚቆጥረው በሴሚቶን አሥረኛ ስለሆነ 10 ማለት አንድ ሙሉ ሴሚቶን ነው። የሲኩዌንሱ ቴምፖ ደግሞ 110.2ን በአንድ ተኩል አባዝተን 165.3 ተደረገ። የፒቹ እርከን አሥረኛ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ አንድ እርከን ፍጥነትን ከመቶ 0.6 ገደማ ይለውጣል፤ በመሆኑም በፒች ብቻ እየለኩ ማንኛውንም ቴምፖ በትክክል መምታት አይቻልም። ቴምፖው ግን በአሥረኛ ቢፒኤም (በደቂቃ ምት) ስለሚስተካከል በጣም የረቀቀ ነው። ይህ ልዩነት ብቻ እንኳ መስተካከል ያለበት የሲኩዌንሱ ቴምፖ መሆኑን ያሳያል።

ያም ሆኖ ጥቂት ትርፍ ይቀራል። በ165.3 አራት ባር 4.3557 ሰከንድ ነው፤ ከፍ የተደረገው ሉፕ ደግሞ 4.3563። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። ነገር ግን ሉፑ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ በራሱ እንዲሽከረከር ቢተው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ 41 ዙር ይዞርና ልዩነቱ 25 ሚሊሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከድራመሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የሉፑን መሽከርከሪያ አጥፍቼ በየአራት ባሩ ራስ ላይ ሲኩዌንሱ እንደ አዲስ እንዲያስነሣው አደረግሁ። ስሕተቱ ሳይጠራቀም በየዙሩ ይሰረዛል።

የላፕቶፑ ጉዳይ በአጭሩ ይነገራል። መጀመሪያ ላፕቶፑ መሪ ሆኖ በሚዲ ክሎክ (የሙዚቃ ማሽኖች ቴምፖ በሚለዋወጡበት ምልክት) ኤምፒሲውን ይነዳ ነበር። ክሎኩ በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ የሚላክ ምልክት ነው፤ የቴምፖን ፍጥነት ይናገራል እንጂ የተቀዳ ድምፅን አያስረዝምም፣ አያሳጥርም። ላፕቶፑ ላይ አንድ ሰው ቴምፖውን ቢነካ ሲኩዌንሱ ይከተላል፣ ሉፑ ግን በነበረበት ይቀራል። ስለዚህ መሪነቱን ለኤምፒሲው ሰጠን፤ ላፕቶፑ ተከታይ ሆነ፤ ድራመሩም በጆሮው የሚሰማውን ጠቋሚ ድምፅ ከኤምፒሲው ወሰደ።

የሉፑ ርዝመት ከገጠመ በኋላም አንድ ነገር ሰላም ነሣኝ። ኤምፒሲው ላይ የጨመርሁት የጭብጨባ ድምፅ በመጀመሪያው ባር ከከበሮው ጋር አንድ ሆኖ ይወድቃል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ጭብጨባው ቀድሞ ከበሮው ይከተላል፤ ሁለት ሰው በር ላይ ተጋፍቶ እንደሚገባ ይመስላል። አራቱን ባሮች ለየብቻ ለካሁ። በተቀዱበት ፍጥነት የመጀመሪያው 1.170፣ ሁለተኛው 1.158፣ ሦስተኛው 1.150፣ አራተኛው 1.137 ሰከንድ ሆኑ። ተጫዋቾቹ ከባር ወደ ባር በጥቂት በጥቂቱ ይፈጥናሉ። ድምሩ ትክክል ስለሆነ መጨረሻው ይገጥማል፤ መካከሉ ግን እስከ 20 ሚሊሰከንድ ድረስ ከእኩል መስመሩ ዘግይቶ ይሄዳል።

የተለመደው ፈውስ ሉፑን በአራት ቆርጦ እያንዳንዱን ባር በየራሱ ፓድ ላይ ማስቀመጥና በእኩል ቦታ ማስነሣት ነው። አደረግሁት። ረጅሙ የመጀመሪያ ባር መጨረሻው ላይ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆረጣል፤ አጭሩ አራተኛ ባር ደግሞ ያን ያህል ቀዳዳ ይተዋል። ለከበሮ ብቻ ቢሆን ቀዳዳው አይሰማም ነበር፤ የክራሩ ክር ግን ገና እየነዘረ ሳለ ሲቋረጥ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ከዚህም የከፋው አጨዋወቱ ሞተ። ያ ቀስ እያለ የሚገፋው ፍጥነት እኛ ሉፑን የመረጥንበት ምክንያት ነበረ፤ አራቱ ባሮች እኩል ሲሆኑ ማንም ሊያስታውሰው የማይችል ከበሮ ሆኑ።

ስለዚህ እዚህም ላይ ሉፑን ትቼ በዙሪያው ያለውን አንቀሳቀስሁ። ኤምፒሲው ሩብ ኖታን ወደ 96 ቲክ ይከፍላል፤ በ165.3 አንድ ቲክ 3.8 ሚሊሰከንድ ነው። በሁለተኛው ባር ራስ ላይ ያለውን ጭብጨባ 4 ቲክ፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው ደግሞ 4 ቲክ አዘገየሁ፤ በየባሩ መካከል ያሉትንም በዚሁ መጠን ጎተትኋቸው። የማሽኑ ስዊንግ ለዚህ አይረዳም፤ እርሱ የሚሠራው ምቶችን ሁለት ሁለት እያደረገ ሁለተኛውን በማዘግየት ስለሆነ በሦስት ለሚቆጠር ስልት አልተበጀም። ሁሉንም በእጅ አንድ በአንድ አስተካከልሁ፤ አንድ ከሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር የተቀመጠ ሰው ያጨበጨበው መሰለ።

ድራመሩ ግን እኩል የሆነውን ጠቋሚ ድምፅ ስለሚሰማ በሁለተኛውና በሦስተኛው ባር ከሉፑ ይቀድም ነበር። ጆሮው ላይ የጠቋሚውን ድምፅ ቀንሰን ሉፑን ከፍ አደረግንለት፤ ጠቋሚው በየአራት ባሩ ራስ ላይ ብቻ እንዲመታም አስተካከልን። ከሁለት ልምምድ በኋላ ከክራሩ ጋር መተንፈስ ጀመረ።

የቀረው የዘፈኑ መጨረሻ ነበር። ድምፃዊቷ የመጨረሻውን ስንኝ በነፃ፣ እየዘገየች ትዘፍነዋለች፤ በየምሽቱም አንድ ዓይነት አትዘገይም። እዚህ ላይ ምንም ዓይነት ቴምፖ አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም። ያኔ ሞክሬ የተውኋቸውን አራት ቁራጮች መልሼ አወጣኋቸውና በአራት ፓዶች ላይ አኖርኋቸው፤ ሲኩዌንሱ እዚያ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ላፕቶፑም አብሮት ይቆማል። እኔም ዓይኔን ከማሽኑ አንሥቼ ድምፃዊቷን እያየሁ፣ ትንፋሽ ስትወስድ አንዱን ባር በጣቴ አስነሣለሁ፤ ክሩ ነዝሮ እስኪያልቅ እጠብቅና ቀጣዩን እነካለሁ።